እህቴ የያዘችልኝ የጁስ ጾም

ነገሩ የጀመረው በፎቶ ነው። የትምህርት ቤታችን መምህራን በተማሪዎች ሽኝት ቀን ተሰብስበን የተነሳነው ፎቶ በቴሌግራም ሲደርሰኝ፣ ከዳር የቆመችውን ወፍራም ሴትዮ «ይቺ ደግሞ ማን ናት? የወላጅ ተወካይ ትሆን?» ብዬ አተኮርኩባት። የለበሰችው ቀሚስ የኔ ነበር። ቦርሳውም የኔ። ክው ብዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት።

አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ዲላ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ሰውነቴ እየሰፋ መሄዱን አላውቅም ነበር ብል ይፈረድብኛል፤ ልብስ ሰፊዬ በየዓመቱ ጎን እየለቀቀችልኝ አውቃለሁ። ግን በእኛ ሰፈር ሴት ስትወፍር «ተስማማሽ፣ አማረብሽ» ስለምትባል አምኜ ተቀምጬ ነበር። ለካ ሲያሞግሱኝ የኖሩት ሰዎች እንደኔው ፎቶውን አላዩም።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት መጣችብኝ። ከፊቷ የጁስ መፍጫ አስቀምጣ ሰባት ቀን ጁስ ብቻ የጠጣ ሰው ሆዱ እንደሚገባ፣ ቆዳው እንደሚጠራ፣ አንጀቱ እንደሚታጠብ ትናገራለች። አንጀት በጁስ እንደማይታጠብ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሳስረዳ የኖርኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም ሴትዮዋን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየኋት፤ ወገቧ ቀጭን ነበርና አመንኳት።

ሰኞ ገበያ ወጥቼ አናናስ፣ ማንጎ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ዝንጅብል ይዤ ገባሁ። አቮካዶ ክልክል ነው ተብሏል። ደንበኛዬ የሆነችው ፍራፍሬ ሻጭ «ዲላ ተቀምጦ ጁስ ያለ አቮካዶ? ስኳርም የለበትም? ታዲያ እሱ ምኑ ጁስ ነው፣ የካሮት እጣቢ በይው» ብላ ሳቀችብኝ። የመጀመሪያው ቀን በስድብ አለፈ፤ ያልተሳደብኩት ሰው የለም። ባለቤቴ ቆጮውን በጎመን ይዞ ጓዳ ገብቶ ተደብቆ ይበላ ጀመር። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አናናሱን በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቄ በጨርቅ እያጠለልኩ ጠጣሁ። ያ ሁሉ እልህ ለፈተና እርማት ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን በአንድ ቀን በጨረስኩት ነበር።

በሁለተኛው ቀን ግን ከረሃቡ ይልቅ ሰው አስቸገረኝ። ፊቴ ትንሽ ጠውልጎ ይሆናል፤ ጎረቤቴ ስታየኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ምን ሆነሽ ነው? ከሳሽ እኮ! ምን አገኘሽ?» ከአንድ ሰዓት በኋላ ለአራስና ለበሽተኛ የሚሠራውን የቡላ ገንፎ በቅቤ አርሳ ይዛ መጣች። አልበላም ስላት ይባስ ደነገጠች። «የምግብ ፍላጎትሽም ተዘግቷል?» አለችና እንባዋ መጣ። ቅዳሜ የጸሎት እህቶችን ይዛ እንደምትመጣም ነገረችኝ። ምን ልበላት? «መቅጠን አምሮኝ ነው» ብላት እስከ መስቀል የሰፈሩ መሳቂያ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ መምህርት ሆኜ!

ስለዚህ ዋሸሁ። «ሐኪም ስኳርሽ ከፍ ብሏል ብሎኝ ነው። የጁስ ጾም ይዣለሁ።»

ውሸቴ እንዴት እንደሠራ ብታዩ! የሚስቅ የለ፣ የሚጠይቅ የለ። ሁሉም «አይዞሽ፣ ጌታ ይርዳሽ» ብሎ ያልፋል። ሰው ስትታመም ያዝንልሻል፣ ማማር ስትፈልጊ ይስቅብሻል ብዬ በራሴ ብልጠት ተደሰትኩ። ሐኪም ዘንድ ከሄድኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው በዚያው ቀን ከሰዓት እህቴ የምትኖርበት ቡሌ ደረሰና ደወለችልኝ።

እህቴ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እትዬ ነው የምላት፣ እሷም ይህን ሁሉ ሰውነት ይዤ እስከ ዛሬ ሚጣዬ ትለኛለች። ቡሌ ደጋው ላይ እንሰት አላት፣ ግቢው ውስጥ ልጇና ምራቷ አብረዋት ይኖራሉ። የስኳር ሕመም ከያዛት ቆይቷል። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ መድኃኒቷን «የአገሩ ብርድ ይበቃዋል» እያለች በውኃ ማሰሮ አጠገብ ታስቀምጠዋለች።

«ሚጣዬ፣ እውነት ነው? አንቺንም ያዘሽ?»

ለእሷ እንኳ እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ግን በቋንቋችን በጌዴኦኛ «ቀጭን መሆን ፈልጌ ነው» የሚለውን ለእህቴ እንዴት እንደምል ግራ ገባኝ። ልጅ ሆኜ የራሷን ድርሻ እየቀነሰች ያወፈረችኝ ሴት ናት።

«ጀማምሮሻል ነው የሚሉኝ፣ እትዬ። ለሱ ብዬ የጁስ ጾም ይዣለሁ። ሰባት ቀን።»

 

«እሺ ልጄ» አለች። «እግዚአብሔር አለ።» ከዚያ ጁሱን ከምን ከምን እንደምሠራው ጠየቀችኝ። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ደወለችና እንግዳ ስለሚመጣባት አናናስና ማንጎ እንድልክላት ለመነችኝ፤ ደጋው ላይ እነዚህ አይበቅሉም። ግማሽ ማዳበሪያ ሞልቼ በሚኒባስ ላክሁ። የስኳር በሽተኛ ይህን ሁሉ አናናስ ምን ያደርግላታል ብዬ ለአንድ ደቂቃ አላሰብኩም። በዚያ ሰዓት የማስበው ስለ ወገቤ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ቀሚሴ ሳይጎተት ተቆለፈ። መስታወት ፊት ዞር ዞር ስል ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ምራት ናት።

«እትዬ፣ እማማ አልነቃ አሉኝ! ትንፋሻቸው ልክ አይደለም። ሌሊቱን ሲያስመልሳቸው ነው ያደረው። አፋቸው ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይሸታል!»

ያ ሽታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው ስቡን እያቃጠለ የሚያወጣው ሽታ ነው። «መርፌዋን አልወጋችም?» ብዬ ጮህኩ። «ይወጋሉ ብዬ ነበር» አለችኝ እያለቀሰች። የሰኔ ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎት፣ እሷን ይዞ ከቡሌ ዲላ ሆስፒታል ለመውረድ መኪናው የፈጀው ጊዜ አላልቅ አለኝ። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ የሚመጣውን መኪና ሁሉ እጄን እያወዛወዝኩ አስቆም ነበር።

ሲያወርዷት ፊቷን ሳይ ጮህኩ። ጉንጮቿ ሰርጉደዋል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ እየሮጠች ያለች ይመስል ሆዷ ከፍ ዝቅ ይላል። የተቀበላት ወጣት ሐኪም ተማሪዬ የነበረ ልጅ ነው። የደሟን ስኳር አይቶ መርፌና ፈሳሽ ካስጀመረላት በኋላ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

«ቲቸር፣ ምራታቸው እንደነገረችኝ ኢንሱሊን አቋርጠው ጁስ ሲጠጡ ነው የከረሙት። ለአራት ቀን! ማነው እንዲህ አድርጊ ያላቸው?»

 

ምራቷ አልጋ ሥር ያገኘችውን ስትነግረኝ ነው ሁሉም የገባኝ፤ ግማሹ ጁስ የቀረበት ጆግ፣ አጠገቡም ያልተነካ መድኃኒት። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው ሲታመም ወይም ሲጨንቀው ዘመድ ጾም ይይዝለታል። የሚጾመውም ለማንም አይናገርም፤ ፊቱን ታጥቦ፣ ፀጉሩን ተቀብቶ፣ የበላ መስሎ ይውላል። አሮጊቶቹ ደግሞ በጾም ጊዜ መድኃኒት መውሰድን እንደ አለማመን ይቆጥሩታል። ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ አታስተምርም፣ መጋቢው ስንት ጊዜ ከመድረክ ተቆጥቶበታል፤ ከልጅነት የገባ ነገር ግን በአንድ ስብከት አይወጣም። እህቴ ጾም ይዛልኛለች። እኔ ወሬዬን ለሰፈሩ ሁሉ ስነዛ እሷ ምግቧን ለጎረቤት ልጆች እያካፈለች፣ ደህና እየመሰለች፣ እኔ የላክሁትን አናናስ በእጇ እየጨመቀች በቀስታ ትሞትልኝ ነበር። ሲያጌጡ ይመላለጡ ይላሉ፤ የተመላለጠችው ግን እሷ ናት። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ቀሚሴን በሁለት እጄ ይዤ አለቀስኩ፣ አፈርኩም። የቆሽት ሥራ ብዬ ለስንት ክፍል በጠመኔ ሥዬ አስረድቻለሁ፣ አንድ ቀን ግን ለእህቴ ቁጭ ብዬ አላስረዳኋትም።

በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ በደንብ አወቀችኝ። እጄን ፈለገች። የመጀመሪያ ንግግሯ ይህ ነበር፦

«ስኳርሽስ? ወረደልሽ?»

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? «ወርዷል» አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞላ። «ተመስገን! ይቅር በይኝ ሚጣዬ፣ አራት ቀን ብቻ ነው የያዝኩልሽ። ሰባት ላደርስልሽ ነበር።»

ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን! ከዚያ ወዲያ ከአልጋዋ ሥር ያለውን ሲሚንቶ እያየሁ ቀረሁ። ትንሽ ትዳን፣ ልቧ ይጠንክር፣ ያኔ እነግራታለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ከሆስፒታል ወጣች፤ አልነገርኳትም። መርፌዋን ለምንም ነገር እንዳታቋርጥ፣ በጾምም በጸሎትም እንዳታቋርጥ እያስማልኩ እየገዘትኩ አስተማርኳት፣ እሷም እሺ አለች። የራሴን ነገር ግን ዋጥኩት።

ሳምንታት አልፈው ምስጋና ላቀርብ ነውና ነይ አለችኝ። እሑድ ቡሌ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል፣ ጭጋጉ በመስኮት ይታያል። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እህቴ ነጭ ሻሿን አስራ ማይክ ያዘች። ከሞት አፋፍ መመለሷን ተናገረች። ከዚያ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ያቺ እህቴ ናት። ስኳር ሊይዛት ነበር። ጁስ ጾማ፣ እኔም ጾሜላት፣ ጌታ አነሳላት!»

«ሃሌሉያ!» አለ ሕዝቡ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ እጁን ወደ እኔ አነሳ።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «የኔ ልጅ» አሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «ስኳሩ በስንተኛው ቀን ነው የለቀቀሽ? ባለቤቴ ስኳር አለበት፣ መርፌው ሰለቸኝ እያለ ነው። ከነገ ጀምሮ ላስጀምረው።»

ያን ጊዜ የደነገጥኩትን ያህል ሆስፒታሉ በር ላይ እንኳ አልደነገጥኩም። የኔ አንዲት ውሸት አንዷን ሴት ልትገድል ደርሳ አልጠገበችም፤ እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሌላ ሰው እየፈለገች ነው። ሳላስበው ተነሳሁ። ወደ መድረኩ ሄጄ ማይኩን ከእህቴ እጅ ተቀበልኩ፤ ላመሰግን መስሏት ፈገግ አለችልኝ።

«ስኳር የለብኝም» አልኩ። «ኖሮብኝም አያውቅም። ሐኪም ምንም አላለኝም። ልቅጠን ብዬ ነው ጁስ የጠጣሁት፤ መሳቂያ እንዳልሆን ዋሸሁ። እህቴን ለሞት ያደረሳት የኔ ውሸት ነው። መርፌ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ አታቋርጡ። ጁስም አታስጀምሯቸው።»

ሃሌሉያ ያለ ሰው አልነበረም። ከኋላ አንድ ሕፃን አለቀሰ። መጋቢው ቀስ ብሎ ማይኩን ወስዶ ስለ መድኃኒት ትንሽ ተናግሮ ጸለየ። እህቴን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ወደ ቤት በእግር ስንመለስ ጭቃውን እየዘለለች ከፊቴ ሄደች፤ ምራቷ ወደኋላ እያየችኝ ተከተለቻት። በሕይወቴ እህቴ ዘግታኝ አታውቅም ነበር። ብትመታኝ በወደድኩ።

ቤት ስንገባ ከማሰሮው አጠገብ መድኃኒቷን አንስታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። በመርፌው ልክ አድርጋ ቀዳች፣ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ሆዷን ወጋች። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ጨርሳ መርፌውን ከከደነች በኋላ ነው ቀና ያለችው።

«ለመቅጠኑም ቢሆን እጾምልሽ ነበር እኮ» አለችኝ። «እኔን ምን አስዋሸሽ?»