ሰው ሳይሞት የተነፋ ጥሩምባ

እዚህ ሰው አገር በምሠራበት መጦሪያ ከምንከባከባቸው አዛውንቶች አንዱ ባለፈው ሰሞን ትራሳቸውን አንስተው ቴሌቪዥኑ ላይ ወረወሩ። ለወትሮው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ውኃ ሳቀብላቸው እንኳ ቀና ብለው ነው የሚያመሰግኑኝ። ዕድሜ ልካቸውን አባል የሆኑበት ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደርለትን ሰው መርጦ ኖሯል። መርጦ ሲባል፣ ጥቂት የውስጥ ሰዎች በር ዘግተው ተስማምተዋል፤ ለአባላቱ የተረፋቸው በዜና መስማት ነው። አዛውንቱ መቀስ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። የአባልነት መታወቂያቸውን ለሁለት ቆረጡት።

«እናንተ አገር እንዲህ ሲያደርጉ ሰው ምን ይላል?» አሉኝ።

«እኛ ሰፈር ጥሩምባ ተነፋ» አልኳቸው።

ሳቁ። የቀልድ ወሬ መስሏቸዋል። እኔን ግን ሳቃቸው አበረደኝ። ቁራጮቹን ከመሬት ለቅሜ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አማተብኩ።

እኛ ሰፈር የምለው አዳማን ነው፤ ጋሪና ባጃጅ የሚጋፉበት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ የታጠበ ልብስ ላይ የሚደፋበት ሰፈር። እድራችን ትልቅ ነበር። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጴንጤውም አንድ ድንኳን ሥር ነበር የሚያለቅሰው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ጎህ ሳይቀድ በየመንገዱ እየዞረ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጠራል። እናቴ ስሙ እስኪጠራ አትጠብቅም። ጥሩምባውን እንደሰማች ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትለብሳለች። «ማንም ይሁን ማን ሰው ነው» ትላለች።

ከአገር ከመውጣቴ በፊት፣ የእድሩ ሊቀመንበር በእርጅና ምክንያት ለቀቁና ምርጫ ሊደረግ ሆነ። ሰፈሩ በሙሉ የሚያወራው ስለ አንዲት ሴት ነበር። ፊት ለፊታችን የምትኖር ቅቤ ነጋዴ ናት፤ በገበያ ቀን ወለንጪቲ ወርዳ ቅቤ ታመጣለች፣ ሲነጋ አዳማ ትቸረችራለች። ባሏ ሞቶባታል። አፏ ስለታም ነው፤ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርስሃለች። የእድሩ ገንዘብ ለሞተ ብቻ ሳይሆን ለታመመም እንዲውል ትከራከር ነበር። «ለሬሳዬ ድንኳን ከምትተክሉልኝ ለወገቤ መርፌ ግዙልኝ!» ስትል ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ግን የሚስቁት እውነት ስለሆነባቸው ነው።

የሷም ሳቅ የታወቀ ነበር። ከደረቷ ተነስቶ ባንዴ ይፈነዳና መጨረሻው ላይ እንደ ሳል ይሰበራል። አጥር ተሻግሮ ስንሰማው እኛም ሳናውቀው እንስቃለን።

ከጉባኤው በፊት በነበረው ቅዳሜ ሦስት የኮሚቴ ሰዎች ቤታችን መጡ። የእድሩ ነባሮች ናቸው፤ መዝገቡም ቁልፉም ማኅተሙም ከነሱ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ለስላሳ ቀረበላቸው። አባቴ ከሞጆ ደረቅ ወደብ በጡረታ የወጣ ጸጥተኛ ሰው ነበር፤ የሰው ዕቃ ሲፈትሽ ኖሮ አንዲት መርፌ እንኳ ቤቱ አስገብቶ አያውቅም። ከሦስቱ አንዱ፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ «ጋሼ፣ ሊቀመንበር አድርገንዎታል» አለው።

እናቴ ጠርሙስ እየከፈተች ነበር። «ምርጫው ነገ አይደለም እንዴ?» አለች።

«ነገማ ማጽደቅ ነው» አላት ጸሐፊው፣ ለስላሳውን እየተቀበለ።

ከሄዱ በኋላ ሁለቱ ሲነጋገሩ ሰማሁ። አባቴ «እኔ እምቢ ብል ሌላ ያስቀምጣሉ። እኔ ቢያንስ የሰው አደራ አልነካም» አለ።

«አንተ አትነካም» አለች እናቴ። «ግን በራቸው ላይ ቆመህ ትጠብቅላቸዋለህ።»

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ የቆርቆሮው አዳራሽ ጢም አለ። ሙቀቱ ከላይ ይጠብሳል። ጸሐፊው ተነስቶ «ኮሚቴው በጥልቀት አጥንቶ ለሊቀመንበርነት አንድ እጩ አቅርቧል» ብሎ የአባቴን ስም አነበበ።

«አንድ?» አለ ከኋላ አንድ ባለባጃጅ። «አንድ ከሆነ ምኑን ከምኑ ነው የምንመርጠው?»

«ሥነ ሥርዓት!»

ቅቤ ነጋዴዋ ቆመች። «ሠርጉ ትናንት አልቋል ለካ! እኛን የጠራችሁን ለሳህን አጠባ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊው አልሳቀም። «እትዬ፣ አስተያየት ካለዎት እጅ ያውጡ።»

«እጄንማ ላወጣ ነበር የመጣሁት። ለማን ላውጣው?»

«እሷ ትወዳደር!» ብለው ጮኹ ሴቶቹ። ወንዶችም ጮኹ፤ ጩኸቱ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው።

«የጥቆማ ጊዜ አልፏል» አለ ጸሐፊው።

«መቼ ነው ያለፈው?»

«ኮሚቴው ሲሰበሰብ።»

ያኔ ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። እኔም ዞርኩ። እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ተነሳና «ከተጠራሁ አይቀር፣ እሺ ብያለሁ» ብሎ ተቀመጠ። የፊት ወንበሮች አጨበጨቡ። ከኋላ ያለው ሕዝብ እያጉረመረመ ወደ በሩ ገፋ።

ቅቤ ነጋዴዋ የበሩ ደፍ ላይ ቆም አለች። «ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር ጸብ የለኝም። ግን ይስሙኝ። በቁማችን ካልጠየቃችሁን፣ ስትሞቱ አትጥሩን። የቀሪ ቅጣታችንን ከፍለን ቤታችን እንተኛለን!»

«እንከፍላለን!» አለ ሕዝቡ። በእድራችን ደንብ ከቀብር የቀረ ሰው ቅጣት ይከፍላል። ቅጣቱ እንኳ ይህን ያህል አይደለም፤ ግን ከፍሎ የቀረ ሰው አይታወቅም ነበር፤ ነውር ነዋ። ያን ቀን ነውሩ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት እንደ ቃል ኪዳን ተነገረ።

በማግስቱ ማለዳ ጥሩምባ ተነፋ፤ ደጃችን ላይ። እናቴ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ቆሟል። ጥሩምባ ነፊው ጉሮሮውን ጠራረገና ለእውነተኛ ሟች በሚጠራበት ድምፅ፣

«የእድር አባላት! እድራችን ስላረፈ፣ ቀብሩ ትናንት በአዳራሹ ተፈጽሟል!» አለ።

ከዚያ ከፊት ለፊታችን ያ ሳቅ ፈነዳ። እሷን ተከትሎ መንገዱ በሙሉ ሳቀ። አባቴ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጥቶ ነበር፤ እሱም ፈገግ አለ፣ ምን ያድርግ። ያልሳቀች እናቴ ብቻ ናት። «ሰው ሳይሞት የተነፋ ጥሩምባ ባዶውን አይመለስም» አለች ቀስ ብላ። ነጠላዋን ሳታስተካክል ገባች።

ከዚያ በኋላ ማንም አልሰደበንም። ድንጋይም አልተወረወረ። ሰው ወርኃዊ መዋጮውን በወቅቱ ይከፍላል፤ ደረሰኙን ተቀብሎ ዞር ይላል። ቀድሞ አባቴ ሲያልፍ «አካም ቡልተኒ ጋሼ» ብሎ እንዴት እንዳደረ ይጠይቀው የነበረው ሰው ስልኩን ማየት ጀመረ። ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ በግራም በቀኙም ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል። የሕመምተኛ መርጃው ጉዳይም አጀንዳ ሆኖ አልቀረበም። አባቴ ሁለት ጊዜ አንስቶት ነበር፤ ኮሚቴው «እናጥናው» ብሎ አስቀመጠው።

አንድ ቀን ራት ላይ እንጀራውን ቆርሶ ያዘና «እኔ ስሞት ይመጡ ይሆን?» አለ። ቀልድ አስመስሎ ነው ያለው። እናቴ «በስመ አብ በል!» ብላ ተቆጣችው። ግን ደጋገመው። እኔ ወደዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ እንኳ በስልክ የብርዱን ነገር ይጠይቀኝና «ቅቤ ነጋዴዋ ትናንት አየችኝ፣ ሰላም ልትለኝ መሰለኝ» ይላል። አባቴ ሞትን አልፈራም። ቆራቢ ነበር፣ ስንቁን ይዟል። የሚፈራው ሰው ሳይወጣለት መቀበርን ነበር።

የሊቀመንበርነቱ ዘመን ሲያበቃ ሳል ይዞት ነበር፤ ሰውነቱም አልቋል። ከአልጋው ሆኖ ጸሐፊውን አስጠርቶ «አሁን ለጉባኤው ተዉት፣ ሰው የፈለገውን ይምረጥ» እንዳለው ታናሽ እህቴ ነግራኛለች፤ አልጋው አጠገብ ነበረች። ጸሐፊውም «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ይዳኑልን» ብሎት ሄደ።

እሑድ ዕለት አዳራሹ ውስጥ አንድ እጩ ቀረበ። ያው ራሱ፣ አባቴ። የተኛውን ሰው ስም አንብበው አስጨበጨቡ። ቤታችን ከአዳራሹ ሩቅ አይደለምና ጩኸቱ መኝታው ድረስ ገባ።

«ማንን አሉ?» ብሎ እህቴን ጠየቃት።

ልትዋሸው ፈልጋ ነበር። «አንተን» አለችው።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሳይነጋ አረፈ።

እህቴ ስትደውልልኝ የሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ እዚህ በምኖርበት ከተማ ወደብ አጠገብ አውቶቡስ እጠብቅ ነበር። ጉም ነበር። እሷ እያለቀሰች እኔ አላለቀስኩም፤ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት። «ጥሩምባ ነፊው ሲመጣ ስልኩን ይዘሽ ደጅ ቁሚ። ልስማ።» ሰው በሩን ሲከፍት መስማት ፈልጌ ነበር። የኛ ሰፈር የብረት በሮች ሲከፈቱ ይንቋቋሉ፤ በየተራ ሲንቋቋሉ ብሰማ አባቴ የጠየቀኝን ለሱም ለኔም ይመልሱልኛል።

ጥሩምባው ተነፋ። በስልኩ ውስጥ ቀጭን ሆኖ መጣ። ነፊው የአባቴን ስም ጠራ፤ «የእድራችን ሊቀመንበር ስላረፉ» አለ።

አንድም በር አልተንቋቋም።

ጉባኤው ትናንት ነበር፤ ሰዓቱ ያው ማለዳ፣ ደጁ ያው ደጅ፣ ጥሩምባውም ያው ጥሩምባ። ሰው እንደ ድሮው ቀልድ መሰለው። ከዚያ ከፊት ለፊት ያ ሳቅ ፈነዳ። «ዛሬም ሞተ እንዴ? ይሄ እድር ስንቴ ነው የሚሞተው!» አለች። ከሌላ ግቢ ሌሎች ሳቁ። አንድ ወንድ «ተኛ ባክህ፣ ሰምተናል!» አለው ነፊውን። ነፊው «የእውነት ነው! ወላዲተ አምላክን፣ የእውነት ነው!» ቢል ሳቁ ባሰ። እህቴ መናገር አቅቷት ሲቃዋን ብቻ እሰማለሁ። የእናቴ ድምፅ የለም፤ በኋላ እንደሰማሁት ደጁ ላይ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከእህቴ ራቅ ብላ ቆማ ነበር።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። አውቶቡሴ መጥቶ በሩን ከፍቶ ዘግቶ ሄደ።

በመጨረሻ አንድ በር ተንቋቋ። እየሳቀች ነው የወጣችው። ሳቋ መንገዱን ሲያቋርጥ፣ ሲቀርብ ሰማሁት፤ ከዚያ የእናቴን ነጠላ አየች መሰለኝ፣ መሐል ላይ ተቆረጠ።

«ያ ዋቅ!» ብላ ፈጣሪዋን ጠራች። መስመሩ ተቋረጠ።

የቀረውን እህቴ ነው የነገረችኝ። ቅቤ ነጋዴዋ በባዶ እግሯ ሮጣ የሰፈሩን በር ሁሉ በመዳፏ ደበደበች። «ውጡ! ሰውየው ሞቷል! ሰው ነው የሞተው!» እያለች ነበር። ሰው ጫማውን ሳያደርግ ወጣ። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ከፊሉ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። በጉባኤው «አንድ?» ብሎ የጠየቀው ያ ባለባጃጅ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ቅጣቱን ከፍሎ ቤቱ የተኛ አንድም ሰው አልነበረም። እናቴ ለሁሉም «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። አርባው ሳይወጣ ኮሚቴው ሌላ እጩ ያጠና ጀመር።

ስለዚህ፣ መጡ። አባቴ ለጠየቀው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። እኔን የማይለቀኝ ግን ከጥሩምባው እስከ በሩ ያለው ጊዜ ነው፤ እሱ የፈራው ነገር ሁሉ በዚያች ጊዜ ውስጥ ደረሰበት። ለንስሐ አባቴ ደውዬ፣ ነፍስ ከሥጋዋ ተለይታ ገና ቤት ውስጥ ሳለች ትሰማ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ጸሎት ነው የሚደርሳት፤ የሰው ሳቅ አይደርስባትም» አሉኝ። አሜን ብያለሁ። ግን በጉም ቀን ከወደቡ መርከብ ሲነፋ ከአልጋዬ እነሳለሁ፤ ሳላስበው ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነው። መስኮቱ ጋ ቆሜ ከጥሩምባው በኋላ የሚመጣውን እጠብቃለሁ።

ቅቤ ነጋዴዋ በየበዓሉ ትደውልልኛለች። ያን ማለዳ ስልኩ ክፍት እንደነበር አታውቅም። እህቴም አልነገረቻትም፤ እኔም ለመናገር አፌ አይታዘዝልኝም። በሷ አልፈርድም፤ ሰው የሞት ጥሩምባን እንዳያምን ያደረጉት ቅዳሜ ለስላሳ የጠጡት ናቸው።

«የአባትሽን ቀብር ብታዪ፣ ኢንታላ ኮ!» ትለኛለች። ልጄ ማለቷ ነው። «አንድ ሰው አልቀረም። አንድ!»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

«አልቅሰሽ ታስለቅሺናለሽ ደግሞ፣ በበዓል!» ትልና ስለ ቅቤው መወደድ አንድ ቀልድ ጣል ታደርጋለች። ከዚያ ያ ሳቅ ከደረቷ ይነሳል። መጨረሻው እንደ ሳል እስኪሰበር ድረስ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ እይዘዋለሁ።