የአርባው ሠላሳ ዳቦ

በዳቦ ቤታችን የመጀመሪያ ቀን ባለቤቴ ጌታሁን የሰጠኝ ሥራ ትሪ በዘይት መቀባት ነበር። «ጥግ ጥጉን አትርሺ፤ ዳቦ የሚይዘው እዚያ ነው» አለኝ። ሊጥ እንድነካ የፈቀደልኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ምድጃው አፍ ላይ ለመቆም ዓመት ጠበቅሁ።

እሱ ሙያውን የተማረው በልጅነቱ፣ ደሴ፣ አንድ ግሪክ ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ተቀጥሮ ነው። ስለዚህ ሐይቅ ከተማ የከፈትነውን ሱቅ ሰዉ ሁሉ «ግሪኩ ቤት» ይለዋል። ዳቦ፣ ዘይት፣ ሰርዲን፣ በጨው ውሃ የተዘፈዘፈ አይብም እንሸጥ ነበር። በአይቡ ብዙ ተስቆብናል።

«አንተ ጌታሁን፣ አይብህን ዋና ልታስተምረው ነው?» አሉት የፊት ለፊት ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ።

«መጀመሪያ ይቅመሱት፤ ከዚያ ይሳደቡ» አላቸው። በሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ገዙ።

በእኛ ጾም ወራት ሁለት ዓይነት ዳቦ እንጋግራለን፤ ለክርስቲያኑ በዘይት፣ ለሙስሊሙ በቅቤ። ከምድጃ ሲወጡ መልካቸው አንድ ነው። ምድጃችን ሁለት እርከን ስላለው ጌታሁን የሚለያቸው በቦታቸው ነበር፤ ከላይ የቅቤ፣ ከታች የጾም።

ጌታሁን ሐምሌ መግቢያ ላይ ዐረፈ። አርባው ፍልሰታ ላይ ዋለ። ያን ቀን ሱቁን አልከፈትሁም። ለሐይቁ ዳር ገዳም መነኮሳት ሠላሳ የጾም ዳቦ፣ ለእትዬ ዘሀራና ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ እንደ ወትሮው ሠላሳ የቅቤ ዳቦ ብቻ ጋገርሁ። የመነኮሳቱን ዳቦ የገዳሙ መሪጌታ መጥተው ወሰዱልኝ። መነኮሳቱ በስሙ ጸልየው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊመገቡት ነው።

ሰባት ሰዓት ገደማ እትዬ ዘሀራ ዳቧቸውን ይዘው መጡ።

«እታለም፣ ቅቤሽን ሰሰትሽብን? ይሄ የጾም ነው እኮ፤ ሌላውንማ ጎረቤቱ በልቶ ጨርሶታል።»

ቆርሼ አሸተትሁት። ዘይት ነው። ያኔ ትዝ አለኝ። ጠዋት የላይኛው እርከን ሲያሳርርብኝ ትሪዎቹን አቀያይሬ ነበር። ሲወጡ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለነበር፣ እንደ ልማዴ የታችኛውን ለገዳሙ ጠቀለልሁ።

«እትዬ፣ በጌታሁን አርባ መነኮሳቱን ላስገድፋቸው ነው» አልኋቸው።

«ገና አልበሉም፤ ምን ያስቀምጥሻል? ተነሺ!» ብለው ባጃጅ አስቆሙ። ነጠላዬን ያለበሱኝ እሳቸው ናቸው።

ባጃጁ ከቆመበት በእግሬ ሄድሁ። ሴት ከማታልፍበት የገዳሙ በር ላይ ቆሜ መሪጌታን አስጠራሁ። መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ነገርኋቸው።

«መነኮሳቱ ገና ከቅዳሴ አልወጡም። ዳቦው እንደ ታሰረ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ዝም ብትዪ ማንም አያውቅም ነበር። ሳያውቅ በበላ ደግሞ አይፈረድበትም» አሉኝ።

«እኔ አውቄዋለሁ፣ አባቴ።»

«በይ እንግዲህ ውሰጂው። እኛ ንፍሮ አናጣም። ጌታሁንን በንፍሮም እንጠራዋለን።»

ዳቦውን ተሸክሜ ስመለስ ባጃጅ ነጂው ሰይድ እየጠበቀኝ ነበር።

«ምነው፣ እናቴ፣ መለሱብሽ?»

ምክንያቱን ነገርሁት። «እሱማ ለእኔ የተጋገረ ነው» ብሎ አንዱን ገመሰው። ጎርሶ ሲያበቃ መሪውን ለቅቆ «ነፍስ ይማር» አለ። ቀሪውን እትዬ ዘሀራ ለጎረቤቱ አከፋፈሉት፤ የቀመሰው ሁሉ እንደዚያው አለ።

ከዚያ ወዲህ የጾሙን ሊጥ ምድጃ ሳላስገባው በቢላ አንድ ጭረት አወጣበታለሁ። ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ ምልክቱን በዳቦው ላይ አድርጉ። ትሪ ይቀያየራል፣ ጋጋሪም ያዝናል።