የአባቴ የአሸዋ እርሻ

አባቴ ይኸነው ከግምጃ ቤት ገጠር ዳንግላ እኔ ቤት የመጡት ዳሌያቸው ተሰብሮ ከዳነ በኋላ ነው። መሬቱን ለታናሽ ወንድሜ ትተው፣ ከዘራቸውንና አንድ ጋቢ ይዘው መጡ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሥራ ፈትቶ መቀመጥን ግን የት ለምደውት! በመጡ በሳምንቱ የግቢዬን ጎመን ሦስት ጊዜ ኮትኩተው አደረቁት። ከሞባይል ጥገና ሱቄ ሆኜ በመስኮት ሳያቸው፣ አንድ ሥራ ካላገኘሁላቸው የጎረቤቱንም ግቢ ቆፍረው ይጨርሱታል እል ነበር።

እኔም የራሴ እብደት ነበረኝ። ባሕርን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ግን በስልኬ የባሕር ገንዳ ስመለከት ኖሬአለሁ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የጨው ውኃ፣ ዓሣ፣ ድንጋይ መስሎ የሚኖር ኮራል የሚባል እንስሳ። ከሁሉ የማረከኝ አሸዋው ነው። ውፍረቱ ስንዝር ያህል ከሆነ፣ ከላይ ትሎች ይኖሩበታል፤ አየር በማይደርስበት በታችኛው በኩል ደግሞ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን የዓሣውን ቆሻሻ ያጠፉታል። ገንዳው ራሱን ያጸዳል ማለት እኮ ነው! ይህን የሰማሁ ዕለት ደንበኛ ፊት ከወንበሬ ተነሥቼ ጨፈርኩ።

ጎረቤቴ መርዋን ጅቡቲ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ብለምነው ብለምነው ይስቅብኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ስድስት ቢጫ ጀሪካን የባሕር ውኃና፣ ከጌጥ ዓሣ ነጋዴ ያገኘውን እርጥብ አሸዋ በሁለት ባልዲ ይዞልኝ መጣ። ከመኪናው ሱቄ ድረስ በባለጋሪው በሽባባው ጋሪ አጓጓዝነው። አንዱ ጀሪካን ሲያፈስ ፈረሱ የፈሰሰውን ላሰና ከዚያ ወዲያ አልሄድም አለ። ሽባባው ቢጮህ፣ አለንጋውን ቢያነሣ አልሆነም። አባቴ ፈረሱ ጆሮ ሥር ሄደው በአገራችን ቋንቋ በአውኝኛ የሆነ ነገር ነገሩት፤ ያን ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከወራት በኋላ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

አሸዋውን ሱቄ ውስጥ አስቀድሜ ባሠራሁት የመስታወት ገንዳ ስንገለብጥ ቆንጥረው ቀመሱት።

«ጨው የበላው መሬት! ዛዲያ ይህ ምን ያበቅላል?»

«ዓሣ ያበቅላል፣ አባዬ» አልኳቸው።

አሸዋው እንዳይረበሽ ሳህን አስቀምጠን ውኃውን በላዩ ላይ በቀስታ አፈሰስን። አራት ጀሪካን በቃን፤ ሁለቱን ለክፉ ቀን አኖርኳቸው። ውኃውን የሚያዘዋውረውን ፓምፕ በአሮጌ ባትሪ ላይ ገጠምኩት፤ መብራት ቢጠፋም እንዳይቆም። በማግስቱ ውኃው ጠርቶ ጠበቀን። አባቴ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ቆዩና «ፋና! ነይ ቶሎ! ትል አለው! ይህ እኮ ሕያው መሬት ነው!» ብለው ጮኹ። አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ ሳምኳቸው።

ዓሣ ከማስገባታችን በፊት ስድስት ሳምንት መጠበቅ ነበረብን። መንገደኛው «ፋና ውኃ ማርባት ጀመረች» እያለ ተሳለቀብን። አባቴ ግን ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን ገንዳው አጠገብ ስበው ትል ይቆጥሩ ነበር። በመጨረሻ መርዋን አንዲት ቁራጭ ኮራልና ሁለት ዓሣዎች አመጣልን፤ ብርቱካንማ ሆነው ነጭ መቀነት የታጠቁ፣ እንደ አውራ ጣት ያህል። ሲዋኙ ሳይ ደስታው እንባዬን አመጣው።

ለአባቴ ሁሉን ነግሬአቸው ነበር፤ አንዱን ብቻ አልነገርኳቸውም። የታችኛው አሸዋ ከጊዜ በኋላ ይጠቁራል፤ ያ ደኅና ነው፤ መነካት የለበትም።

አንድ ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ ሱቁ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ውኃው እንደ አጓት ደፍርሷል። ዓሣዎቹ ላይኛው ውኃ ላይ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ። አባቴ እስከ ክርናቸው ርሰው፣ ማማሰያ ይዘው ቆመዋል። ጥቁሩን አሸዋ አይተው መሬቱ ታፈነ ብለው፣ አንዴ በቁመቱ አንዴ በአግድሙ አርሰውታል።

ዓሣዎቹንና ኮራሉን እያጣደፍኩ ወደ ሳፋ አወጣኋቸው፤ ያስቀመጥኩትን ውኃ ገለበጥኩላቸው፤ ፓምፑንም ወደዚያ አዞርኩት። ዞሬም «ምነው እጅዎ አርፎ አይቀመጥም እንዴ?» አልኳቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከማረሻ ሌላ የማያውቅ እጅ ላይ ይህን ተናገርኩ! አባቴ ማማሰያውን በቀስታ አስቀመጡ፤ ጋቢያቸውን አጥፈው ለመንገድ በሩ ሥር አኖሩና ከዘራቸውን አነሡ።

«ገበሬ ያበላሸውን መሬት ጥሎ አይሄድም» አሉ። «ትሎቹ ይለይላቸው። ካለቁ ወደ ግምጃ ቤት እመለሳለሁ፤ እኔ ለከተማ አልሆንም።»

አይሂዱ ማለት እየፈለግሁ፣ ተናድጄ ስለነበር ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ሳፋው ዞርኩ። የታችኛውን አሸዋ ለምን መንካት እንደማይገባ በማግስቱ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ መስታወቱን ያያሉ፤ እኔ ደግሞ ስልክ እየፈታሁ እሳቸውን አያለሁ። ውኃው በአራተኛው ቀን ጠራ። ትል ግን አልታየም። ሰባተኛው ቀን አለፈ፤ ዘጠነኛውም። በሩ ሥር የታጠፈውን ጋቢ ባየሁ ቁጥር ፊቴን ወደ ስልኮቹ እመልስ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደጅ ሆኜ ከሱቁ ውስጥ «ፋና!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ገባሁ። አባቴ ከዘራቸውን ረስተው በእግራቸው ቆመዋል። በመስታወቱ ጥግ፣ ከጥቁሩ በላይ፣ ክር የመሰለ አዲስ መንገድ ተቀዷል፤ ከጫፉ ላይ ትል ይላወሳል።

«አያሻችን ላይ ዲከረንስ የተከልንበት ጊዜ ትዝ ይልሻል?» አሉኝ። አያሻ ከቤታችን በላይ ያለው የደከመ ማሳችን ነው፤ ዲከረንስ ደግሞ ለከሰል የሚተከል ዛፍ። «ዓመት ዓመት ባርሰው እምቢ ያለ መሬት፣ አምስት ዓመት ዛፍ ሥር ስተወው ዳነ። ይህንንም ያዳነው የእኔ መተው ነው።»

«አባዬ፣ ያን ቀን የተናገርኩትን…»

«ዓሣዎቹን አምጫቸው» ብለው አቋረጡኝ።

ዓሣዎቹንና ኮራሉን ቀስ ብዬ መለስኳቸው። ወዲያው የገበያ ሰው መስኮቱን ሞላው። ሽባባው ገባና ትሉን ሊያሳይ አለንጋውን ወደ ውኃው ሰደደ፤ አባቴ በከዘራቸው መለሱት።

«ተው፣ ልጄ» አሉት፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። «ይህ መሬት የራሱ አራሾች አሉት። እኛ እጃችንን እናሳርፍ።»

ጋቢያቸውን ከታጠፈበት አንሥቼ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግሁላቸው። አልከለከሉኝም።