የጾም ቦምቦሊኖ

ማለዳ በሀና ማርያም በኩል ሳልፍ የቦምቦሊኖ ዘይት ሽታ ከአንዲት ሱቅ ወጥቶ ሲቀበለኝ እግሬ ሳያማክረኝ ይቆማል፤ አባዬም ከጎኔ ቆሞ ኪሱን የሚዳብስ ይመስለኛል።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት ከሚባለው ሰፈር ብዙም በማይርቀው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ከስፌት መኪናው ፊት ቁጭ ብሎ ይውል ነበር። ስምንት ዓመት በሞላኝ ክረምት ስኳር እንዳለበት ተነገረው። ሐኪሙ «ምግብዎን ያስተካክሉ፣ በእግርዎም ይሂዱ» ቢለው፣ እቤት ገብቶ ትእዛዙን ከእማዬ ጋር ለሁለት ተካፈሉት፤ እሷ ምግቡን ያዘች፣ እሱ መንገዱን። እማዬ ስኳሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አስራ፣ ቅንጬውን ያለ ቅቤ ታቀርብለት ነበር። እሱም በማንኪያው እያገላበጠ «ሴትዮ፣ ይሄ በሽታ የሚሸነፈው በእግር ነው፤ ገበሬ ጠግቦ በልቶ ስኳር ሲይዘው አይተሻል?» ይላታል።

«ገበሬው ያርሳል፤ አንተ ቁጭ ብለህ ትሰፋለህ» ትለው ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ ቅዳሜና እሁድ በማለዳ ሀና ማርያምን ተሳልሞ በእግሩ መመለስ ጀመረ። እማዬ ግን ስላላመነችው እኔን ከእሱ ጋር ትልከኝ ነበር፤ በር ላይ ጸጉሬን እያስተካከለች «ዓይንሽን ከአፉ ላይ እንዳታነሺ» ትለኛለች። ያኔ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ ማሳ ስለነበር ጤዛው ካልሲዬን ያበሰብሰው ነበር። እሱ ሲራመድ እኔ እየሮጥኩ፣ ጣቱን ይዤ፣ በዓለም ላይ ከእሱ የሚፈጥን ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ሁዳዴ ሲገባ ነው። የንስሐ አባቱ ስለ ሕመሙ ብለው ቅዳሴ እስኪወጣ ሳይበላ እንዳይቆይ ፈቅደውለት ስለነበር፣ ተሳልመን ስንወጣ ወደ ሱቋ ጎራ ይልና ትኩስ ቦምቦሊኖ በጋዜጣ አስጠቅልሎ፣ ሁለት ለእሱ አንድ ለእኔ፣ ቆመን እንበላ ነበር።

«እንቁላል የለው፣ ወተት የለው፤ የጾም እኮ ነው ልጄ፣ ምን ያደርገኛል? ቤት እስክንደርስ በእግራችን እናቃጥለዋለን።»

ከንፈሩ ላይ የቀረችውን ስኳር በመሐረቤ ጠርጌለት እንገባለን። እማዬ «ምን በላ?» ስትለኝ «ምንም» እላት ነበር። ጣፋጩን ስለወደድኩ ብቻ አልነበረም፤ ከእሱ ጋር የምካፈለው ምስጢር ያ ብቻ ስለነበረ ነው።

ፋሲካ አልፎ ዝናቡ ሲጀምር ጫማው የእግሩን ጣት ላጠው፤ ቁስሉ አልድን ብሎ፣ ጠቁሮ፣ በመጨረሻ ሆስፒታል ተኝቶ ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ። ያን የሚኮራበትን እግሩን በፋሻ ተጠቅልሎ ሳየው በእኔ ውሸት የተቆረጠ መሰለኝ። ልብስ ስታጥብ የነበረችው እማዬ ዘንድ ሄጄ እያለቀስኩ «ቦምቦሊኖ ይበላ ነበር፤ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት።

እጇን ከአረፋው ሳታወጣ «አውቃለሁ፤ ዘይቱ ከቀሚስሽ ላይ ይሸተኝ ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብከለክለው መንገዱንም ይተወዋል ብዬ ፈራሁ። ደሞ ስትመለሱ ሁለታችሁም እየሳቃችሁ ነበር።»

ይህን ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

አባዬ ከዚያ በኋላ ሀና ማርያም በእግሩ አልደረሰም፤ ጥቂት ዓመታት ኖሮ አረፈ፣ እማዬም ብዙ አልቆየችም። ዛሬ ማሳው ሁሉ ፎቅ ሆኗል። እኔም አርባን ስሻገር ያንኑ ስኳር ወርሼ፣ ሐኪሟን ከምግብና ከእንቅስቃሴ የቱ እንደሚበልጥ ብጠይቃት «አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም» ስትለኝ፣ እነዚያ ትእዛዙን ተካፍለው ሲሟገቱ የኖሩ ሁለት ሰዎች ትዝ ብለውኝ ሳቅ መጣብኝ፤ ወዲያው ግን ናፈቁኝ። አሁን ሁለቱንም ብቻዬን ይዣለሁ፤ ቅንጬዬን ያለ ቅቤ እበላለሁ፣ የእጅ ሰዓቴ እርምጃዬን ይቆጥርልኛል። ሱቋ ደጃፍ ጥቂት ቆሜ ሳልገዛ እመለሳለሁ። ሳልበላም ዘይቱ ቀሚሴ ላይ ይቀራል፤ በሩን ከፍቼ ስገባ ግን «ምን በላሽ?» የሚለኝ የለም።