ፍሬን ያልተገጠመላት መኪና

ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የብዙነህን ግቢ የማያውቅ ሰው የለም። ግቢውን የማያውቅ ቢኖር እንኳ ድምፁን ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ፣ የአርባ ምንጭ ሙቀት ሰውን ሁሉ ጥላ ስር ሲያስተኛ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ አንድ ሞተር ይነሳና ሰፈሩን ያንቀጠቅጠዋል። ዶሮዎች ይበተናሉ፤ የተኙ ሕፃናት ይነቃሉ፤ እናቶቻቸውም የብዙነህን ዘር ማንዘር መራገም ይጀምራሉ። ከዚያ ትዝ ይላቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ይይዛሉ። ብዙነህ የሚረገም ዘር የለውማ። አንድ ልጅ ነበረው፤ እሱንም የጨንቻ ቁልቁለት ወስዶበታል።

መኪናዋን የጀመሯት አባትና ልጅ አብረው ነበር። ልጁ ዕዝራ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምህንድስና ይማር ነበር፤ አባቱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። አንድ ክረምት ልጁ ስልኩን ከፍቶ፣ ጨው ሜዳ ላይ እንደ ጥይት የሚበሩ ረጃጅም መኪኖችን አሳየው። ለጭነት አይሆኑ፣ ለቤተሰብ አይሆኑ፤ ቀጥ ብለው ከመሮጥ በቀር ሌላ ሥራ የላቸውም። ሌላ አባት ቢሆን "ትምህርትህን ተማር" ይል ነበር። ብዙነህ ግን ትክ ብሎ አየና "ይኼማ ቀላል ነው" አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ያልሞከረው ነገር ሁሉ ይቀለዋል።

ሻንሲዋን፣ የታች አጽሟን፣ ከውሃ ቧንቧ በየዱት። ሞተሩን ከተገለበጠ ላንድክሩዘር አወጡት። ገላዋን በላሜራ ቢሠሩት ከበደ፤ እዚህ ላይ ግራ ሲጋቡ መላ ያመጣችው ስመኝ ናት። ስመኝ የብዙነህ ሚስት፣ የዕዝራ እናት፣ የዶርዜ ልጅ ነች። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እየገዛች ለአዲስ አበባ የምታስጭን፣ ከደላላ ጋር ተከራክራ የማትረታ ሴት ናት። "ቀርከሃ ጠፋ እንዴ?" አለቻቸውና አጎቷን ጋሽ አሞጽን ከዶርዜ አስወረደቻቸው።

ጋሽ አሞጽ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ቀርከሃውን ከታች ወደ ላይ እየሸመኑ፣ ሰው ተሸክሞ ሊያነሳው የሚችል ቤት። ዕዝራን መሬት ላይ አጋድመው በክንዳቸው ለኩት፤ ከዚያ በልኩ ሸመኑ። ሲጨርሱ ግን፣ የዶርዜ ቤት እንዳለው ሁሉ፣ ከመኪናዋ ፊት አፍንጫ የመሰለ በር ወጥቶ ተገኘ። ዕዝራ ነፋስ በዚያ እንደሚገባ፣ ነፋስ ከገባ ደግሞ መኪናዋ እንደማትፈጥን ሊያስረዳቸው ሞከረ። ሽማግሌው ተቆጡ።

"ልጁ በየት ይወጣል ታዲያ? ይቺ ቤት በር አያስፈልጋትም? በር የሌለውን እኔ አልሠራም፤ እሱ መቃብር ነው።"

ያን ቀን አባት፣ እናትና ልጅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በሩን ዕዝራ ራሱ በቀርከሃ ደፈነው፤ መግቢያዋ ከላይ እንዲሆን ክዳን አበጀላት።

ብዙም ሳይቆይ ዕዝራ ጨንቻ ለልቅሶ ወጣ። ሲመለስ የተሳፈረባት ሚኒባስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን በጠሰች። የተረፉት ሰዎች ሲናገሩ፣ ሚኒባሷ ከመገልበጧ በፊት ረጅም ጊዜ ሮጣለች፤ ሹፌሩ ይረግጣል፣ ይረግጣል፣ እግሩ ግን የሚይዝለት ነገር አላገኘም። ብዙነህ ይህን የሰማው የልጁ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። አላለቀሰም። "ምን ያህል ሮጠች?" ብሎ ብቻ ጠየቀ።

ከአርባው በኋላ ተመልሶ ወደ መኪናዋ ሥራ ገባ። ስመኝ መጀመሪያ ደስ አላት፤ እጁ ሥራ ከያዘ ልቡም ይመለሳል ብላ ነበር። ቤት ውስጥ ስለ ልጁ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ የልጁን ስም እሷ ካነሳች ተነስቶ ይወጣል። የግቢው ጋራዥ ውስጥ ግን ሲናገር ትሰማዋለች። "ዕዝራ፣ ቁልፉን አቀብለኝ" ይላል። ከዚያ ዝም ይላል፤ የሰው መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። ከዚያ "እሺ፣ እንዳልክ" ይላል። ስመኝ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች።

እሷም ከዚህ ነገር ነፃ አልነበረችም፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ። ሞተሩ ሲነሳ የማራገቢያው ነፋስ በቀርከሃው ስንጥቅ ውስጥ እየገባ ያፏጫል። ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል ፉጨት ነው። ዕዝራ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አጥሩ ጋ ደርሶ "መጥቻለሁ" ለማለት የሚያፏጨው ልክ እንዲህ ነበር። ነፋስ መሆኑን ታውቃለች። ሞኝ አይደለችም። ግን የሙዙን ጭነት ለሠራተኞች ጥላ በጊዜ ወደ ቤት መግባት ጀመረች፤ የጋራዡ ደፍ ላይ ትቀመጥና ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ይህን ለንስሐ አባቷ እንኳ አልነገረችም። ጎረቤት "ይህ ሰውዬ አብዷል፣ ምነው ዝም አልሽው?" ሲላት፣ "ተዉት፣ ይውጣለት" ትላለች። ደግሞ በሆዷ፣ እንዳያልቅ ትላለች፤ መኪናዋ ተሠርታ እንዳታልቅ።

ብዙነህ ደልዳላ ሰው ነበር። ሁለተኛው ሙት ዓመት ሲቃረብ ግን ሸሚዙ ውስጥ ይዋኝ ጀመር። ፆም ሳይኖር ይፆማል፤ ስመኝ ያቀረበችለትን ነካክቶ ይተወዋል። ሐዘኑ ነው አለች። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ምሳውን ሳይበላ እንደቀረ አይታ ምግቡን በሳህን ይዛ ወደ ጋራዡ ስትገባ፣ በቀርከሃው ገላ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ፣ ልጇ ተቀምጧል። ጉንጩ የገባ፣ አንገቱ የቀጠነ፣ ሁለት እጁ መሪ ላይ። ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። ልጇ ዞር ሲል ብዙነህ ሆነ።

ወንበሩ በዕዝራ ልክ የተሠራ ነው። ባሏ ሲከሳ የኖረው እዚያ ውስጥ ለመግባት ነበር።

እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ስመኝ ምን እንደገፋት ሳታውቅ ራሷ ገብታ ተቀመጠች። በሕይወቷ ሙሉ አይሱዙ ላይ ከሹፌር ጎን ተቀምጣ ኖራለች፤ እግር የሚረግጠውን ታውቃለች። ነዳጁን አገኘችው፤ ፍሪሲዮኑን አገኘችው። በመሀል ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው። እግሯ አየር ረገጠ።

"ብዙነህ፣ የዚህች ፍሬን የታለ?"

"የላትም።"

"ገና ልትገጥምላት ነው?"

"አይደለም።"

በፎጣ እጁን እያደረቀ ቆመ። ድምፁ ተራ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራት እሱ ነው። "ፍሬን ሲበጠስ ምን እንደሚመስል ማወቅ አለብኝ" አለ። "ብቻውን ነበር፣ ስመኝ።"

"መኪናው ሙሉ ሰው ነበር።"

"አባቱ አልነበረማ።"

"እሑድ የምትነዳት በሙዝ እርሻው መንገድ አይደለም እንዴ? መጨረሻው እኮ ኩልፎ ነው!"

"ኩልፎ እስክደርስ ይገባኛል" አለ ብዙነህ።

በማግስቱ እሱ ጎማ ሊያስነፋ ሲወጣ ስመኝ ፒንሳ ይዛ ከሞተሩ ፊት ቆመች። የነዳጁን መስመር ብትቆርጠው፣ ሽቦዎቹን ብትበጣጥሳቸው ያበቃል። ፉጨቱም አብሮ ያበቃል። ባሏን ሊገድል የተዘጋጀ ነገር ፊቷ ቆሟል፤ እሷ ግን ለድምፁ ሳሳች። ፒንሳውን አስቀምጣ ወጣች፤ ራሷን ጠልታ ወጣች።

እሑድ ጠዋት መኪናዋን በአይሱዙ ጭነው ወደ እርሻው ወሰዷት። ግማሽ ሲቀላ ተከትሏል፤ ሠርግ ነበር የሚመስለው። በሁለት ወገን ሙዝ፣ በመሀል ቀጥ ያለ የታመቀ ጠጠር መንገድ፣ ከጫፉ ወንዙ። ፍሬን እንደሌላት የሚያውቁት ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ስመኝ ለምን አልተናገረችም ትሉ ይሆናል። ብትናገር ዛሬ ያስቆሙታል፤ ነገ ግን ማንም ሳያየው ብቻውን ይወጣል። ይህን አውቃ ነው። እዚያ የደረሱትን ጋሽ አሞጽን ግን ወደ ጎን ስባ ነገረቻቸው።

"ጋሼ፣ ሳር ያንሱልኝ" አለቻቸው።

ጋሞ ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ያንን ሳር የሚሻገር እግር የለም። በሺህ የሚቆጠር የተቆጣ ወጣት ይቆማል። የተሻገረ ሰው ጎሜ የሚሉት መቅሠፍት ያገኘዋል፤ ነውሩ በቤቱ፣ በከብቱ፣ በዘሩ ላይ ይወርዳል። ብዙነህም የዚሁ አገር ሰው ነው፤ አጥንቱ ያውቀዋል።

ሽማግሌው ተጨነቁ። "ሳር ለጠብ ነው የሚነሳው፣ ልጄ። ማን ከማን ተጣላ? ጠብ ሳይኖር ሳር ይዤ ልዋሽ?"

ብዙነህ ወንበሩ ላይ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ሰው እልል አለ። ስመኝ ወደ መስኖው ቦይ ወረደች፤ እርጥቡን ሳር በሁለት እጇ ነቅላ፣ ሥሩ ጭቃ እያንጠባጠበ፣ ሮጣ ከመኪናዋ ፊት ተንበረከከች። እልልታው እንደ ጀመረ ቀረ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሴት ብቻዋን ሳር ስትይዝ ያየ አልነበረም፤ ቢሆንም ሳር ሳር ነው።

ብዙነህ ነዳጅ ረገጠ። ፍሪሲዮኑን ግን አልለቀቀምና መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም፤ ሞተሩ ብቻ ጮኸ፣ ከውስጡም ያ ፉጨት ወጣ፤ እንደዚያ ቀን ጠርቶ ተሰምቶ አያውቅም። መጥቻለሁ፣ መጥቻለሁ የሚል። ስመኝ አንገቷን ደፋች። ልጄ፣ ዛሬስ ዝም በልልኝ አለች በሆዷ፤ አባትህን ተውልኝ። ይህን ስትል ልቧ ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ መሰላት።

ሞተሩ ጠፋ።

ክዳኑ ተከፈተና ብዙነህ ወረደ። ሱሪው በገመድ ታስሮ ወገቡ ላይ ተጨማዷል። ሳሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ከማን ጋር ነው የምታስታርቂኝ?" አለ። "እኔ ከማንም አልተጣላሁ።"

"ከእኔ ጋር" አለች። ያ ሁሉ ሰው እየሰማት ነው፤ ግድ አልሰጣትም። "ዕዝራ ከሞተ ወዲህ ከሱ ጋር ብቻ ነው የምታወራው። ቁልፍ አቀብለኝ ትለዋለህ፤ እሺ ትለዋለህ። እኔም ልጅ ሞቶብኛል፣ ብዙነህ። እኔን ማን አናገረኝ?"

ብዙነህ ጭቃ የነካውን እጇን አየ። ወንዙ ከወዲያ ይሰማል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ ጉልበቱን ጠጠሩ ላይ አሳረፈ፤ እጁን ዘርግቶ ከሳሩ ጥቂት ወሰደ።

"ዕዝራ…" አለ።

ስመኝ ጠበቀችው።

"እህ" አለችው፤ "ንገረኝ።"