አዝማሪዋ ነገረ ፈጅ

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎንደር ውስጥ እኔን የማይወድ ባለጸጋ አልነበረም። ፍቅራቸው ጠጁ እስኪያልቅ ይጸና ነበር። ባሌ ማሲንቆ ይመታል፣ እኔ እዘፍናለሁ፤ ከከተማው ጠጅ ቤት እስከ ድብ ባሕር ሰርግ በጭነት ማኪና እየተጫንን እንዞራለን። የጋበዘን ሁሉ "እህታችን" ይለኛል። ያኔ ዘመዴ ብዙ ነበር።

ከዚያ የባሌ ጣቶች ደነዘዙ፤ ክሩን ሲጫን አይሰማውም። ፊቱ ማበጥ ሲጀምር የሥጋ ደዌ መሆኑን ከሐኪሙ ቀድሞ ከተማው አወቀ። ጎንደር ሐኪም ቢቸግራት እንኳ መርማሪ ቸግሯት አያውቅም። የጠጅ ቤቱ እመቤት በትሕትና መርቃ አሰናበተችን፤ በማግስቱ ባሌ ይቀመጥበት የነበረውን የእንጨት ዱካ አቃጠለችው።

እናቴ ፍቺው አለችኝ። "ገና ልጅ ነሽ፣ ድምፅሽም ሸጋ ነው። ምነው ከነነፍስሽ ትቀበሪያለሽ?"

አልፈታሁትም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ድምፄ ሲሰበር ደግፎ የሚያነሳኝ ሌላ ሰው አላውቅም ነበር።

ከከተማው ዳር፣ ሕመምተኞች ከሚሰበሰቡበት ጠበል አጠገብ ጎጆ ቀለስን። ቁስሉን ማጠብ ስጀምር ሮጬ ወጥቼ አስመለሰኝ። እየዋለ እያደረ ለመድኩት። ጎረቤቶቻችን ያንን አይተው እነሱንም እንዳጥባቸው ለመኑኝ። ከመካነ ብርሃን ልጆቿ ያባረሯት አንዲት ሴት ደግሞ እግሯን ስይዝላት አለቀሰች። አሳመምኩሽ ወይ ብላት፣ ሰው ከነካት ዘመናት እንዳለፉ ነገረችኝ።

ብዙም ሳይቆይ የአጠገባችን መንደር ሰዎች ሕመምተኞቹ ከመንደሩ ምንጭ ውሃ እንዳይቀዱ ከሰሱ። የከሳሾቹ አለቃ ልጁን ሲድር ያዘፈነን ባለጸጋ ነው፤ ያ "እህታችን" ይለኝ የነበረው። ተከሳሾቹ ችሎት እንዳይገቡ ስለተከለከሉ ለእነሱ ልናገር ተነሳሁ። ሰውዬው ለዳኛው፣ አዝማሪ ናት፣ ቃሏ አይታመንም አለ።

"አያ፣" አልኩት፣ "በሰርጉ ዕለት ደግ፣ የድሃ አባት እያልኩ ሳወድስዎ አምነውኝ ነበር። ያ ሐሰት ከሆነ እዚሁ ዳኛው ፊት ልመልሰው።"

ችሎቱ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ፣ ያልታጠበ ቁስል እንደሚሸት፣ የሸተተ ሰው ደግሞ እንደሚባረር፣ ውሃ ከልክሎ በሽተኛው ሸተተ ማለት ፍርድ እንዳልሆነ ተናገርኩ። ዳኛው ከምንጩ ግርጌ እንዲቀዱ ፈረደ። ላይኛው ለጤነኞች ቀረ፤ ጤነኛ ለካ ብዙ ይታጠባል።

ከዚያ ወዲያ ርስቱን ወንድሞቹ የነጠቁትም፣ ባሏ ያባረራትም እኔን እያስከተሉ ችሎት ይሄዱ ጀመር። አንዳንዱን ረታን፣ በብዙው ተረታን። እነዚያ ዘመዶቼ ግን መንገድ ላይ ሲያዩኝ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይጥላሉ።

በኋላ የከተማው ሆስፒታል ለደዌው እንክብል መስጠት ጀመረና የባሌ ቁስል ደረቀ። ጣቶቹ አልተመለሱም። አንድ ቀን የአንዱን ሽማግሌ እግር እያጠብኩ ሳንጎራጉር ባሌ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ ቅኝቱን ስተሻል አለኝ። ተናደድኩ፤ ግን ከመጀመሪያው ጀመርኩት።