ኦቦ ገርባ «ውጡ!» ያሉ ቀን

ኦቦ ገርባ ቡራዩ ውስጥ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ ሰፈር የዕድር ለፋፊ ናቸው። መጀመሪያ በጡሩምባ፣ ኋላም በድምፅ ማጉያ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለቀብር ሲጠሩ ኖረዋል። ድምፃቸውን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም።

አገሪቱ ውስጥ የተነሳው ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተሾመ የሚባል የቀበሌ ሠራተኛ ቤታቸው መጣ።

«ኦቦ ገርባ፣ ወጣቶች ለሥራ ምዝገባ ወደ አዳራሹ እንዲመጡ ይንገሩልን።»

«የምን ሥራ ነው?»

«ሲመጡ ይነገራቸዋል።»

ባለቤታቸው ሶያማ ከጓዳ ሆና ጮኸች። «እህቴ ሰፈርም እንዲህ ብለው አይደል ልጆቹን አፍሰው የወሰዷቸው?»

ኦቦ ገርባ አመነቱ። ግን ሥራ አጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚውለው ወጣት ስንቱ ነው! ምናልባት እውነት ቢሆንስ? ማጉያውን አንስተው ወጡ፤ ለፈፉ።

አርባ የሚሆኑ ወጣቶች መጡ። ወዲያው የአዳራሹ በር ተዘጋ፤ አንድ አይሱዙ የኋሊት ተጠግቶ ቆመ፤ ሦስት የታጠቁ ሰዎች ልጆቹን እየገፈተሩ ጫኗቸው። ደጃፉ ላይ የቆሙት ኦቦ ገርባ እጃቸው ላይ ያለውን ማጉያ የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

ወሬው ገበያ ደረሰ። ጎመን የምትሸጠው ድንቅቱ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ እየሮጠች መጥታ መኪናው ፊት ተዘረጋች። «ኢልማ ኮ! ልጄ ቢቂላ!» ሌሎች እናቶችም ተከትለው አጠገቧ ተቀመጡ። «ለማናውቀው ጦርነት ልጅ አንሰጥም!» እያሉ አስፋልቱን በመዳፋቸው ደበደቡት። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

ተሾመ ላብ በላብ ሆኖ ወደ ኦቦ ገርባ ዞረ። «እርስዎን ይሰማሉ። ከመንገዱ ውጡ ይበሏቸው!»

ኦቦ ገርባ ማጉያውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ጭንቅላታቸው ባዶ ሆነባቸው። ከዚያ ለሠላሳ ዓመት አፋቸው የለመደው ብቻ መጣ፦

«የዕድሩ አባላት ሆይ! ሁላችሁም ውጡ! ውጡ!»

ሰፈሩ ሰው የሞተ መስሎት ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየጎተቱ መጡ፤ ባለሱቁ ሸምሰዲንም ሱቁን ዘግቶ ደረሰ። «ማን ሞተ?» የሚል መጣ፤ መኪናው ላይ ያሉትን ልጆች ሲያይ ግን ጥያቄውን ተወው። በደቂቃዎች ውስጥ መንገዱ በሰው ተሞላ። የታጠቁት ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከሕዝቡ መሀል አንዱ የመኪናውን የኋላ መዝጊያ ከፈተው። ልጆቹ ዘለው ተበተኑ፤ አይሱዙው ባዶውን ሄደ።

«ሆን ብለው ነው?» አላቸው ተሾመ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ እንጃ» አሉት። እውነታቸውን ነበር።

ሰኞ ቀበሌ ተጠርተው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲጠየቁም መልሳቸው ይኸው ነበር። የሰፈሩ ሰው ግን ትከሻቸውን እየሳመ «ጀግና» ይላቸዋል። ኦቦ ገርባ ጀግና ሲባሉ ወደ ኋላ ዞረው ሌላ ሰው እንዳለ ያያሉ።

ቢቂላ በማግስቱ ሱሉልታ ዘመድ ጋ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ድንቅቱ መጥታ፣ ኦቦ ገርባ ደጃቸው ደረጃ ላይ ከተቀመጡበት ፊታቸው ቆመች።

«ልጄን የጠሩትም አንቱ፣ ያስወረዱትም አንቱ። ላመስግንዎት ወይስ ልርገምዎት?»

«እኔም እሱን ነው የማላውቀው፣ ልጄ» አሉ።

ድንቅቱ አላመሰገነችም፣ አልረገመችምም። ደረጃው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ሁለቱም በመንገዱ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በዓይናቸው ሸኙ።